ፓሽቶ አንድ መደበኛ አነጋገር ያስፈልገዋል ወይ?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ፓሽቶ በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን ይነገራል፣ አነጋገሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በደቡብ አፍጋኒስታን ያለችው የካንዳሃር ከተማ አነጋገር የሁሉም መለኪያ ይሁን?

ደጋፊ፦ ይሁን እንጂ! ካንዳሃር ሌሎች የጣሏቸውን ድምፆች ይዞ ቆይቷል። "ሴት" ለማለት ካንዳሃር "ሽድዛ" ሲል ፓኪስታን ያለው ፔሻዋር "ኸዛ" ይላል። "ማን" ደግሞ በካንዳሃር "ትሶክ"፣ በፔሻዋር "ሶክ" ነው። አጻጻፉ የሚገጥመው ከካንዳሃሩ ጋር ነው። የፔሻዋር ልጅ በጆሮው አንድ የሆነውን "ስ" በሁለት ፊደል ለይቶ መጻፍ አለበት። ለምን ይሰቃያል?

ተቃዋሚ፦ ቆይ እስቲ። ያሳየኸን የፊደሉን ጥቅም እንጂ የካንዳሃርን ብልጫ አይደለም። ያው የተጻፈ ቃል ካንዳሃር ሲደርስ "ሽድዛ"፣ ፔሻዋር ሲደርስ "ኸዛ" ተብሎ ይነበባል፣ ማንም አልተጎዳም። ደግሞ አብዛኛው ተናጋሪ ያለው ፓኪስታን ነው። የቋንቋውን ስም ራሱን "ፓኽቶ" የሚል ሕዝብ "ተሳስተሃል" ሊባል ነው?

ሦስተኛ ወገን፦ ሁለታችሁም ፓኪስታን ውስጥ ያለውን ወዚሪስታንን ረሳችሁ። ሌላው "ሞር" የሚላትን እናት እዚያ "ሜር" ይሏታል፣ አባት "ፕላር" መሆኑ ቀርቶ "ፕሎር" ነው። እዚህ የተለወጠው አናባቢው ስለሆነ የጋራ ፊደል ያን ያህል አያድንም። በፓኪስታኑ ክልል በባሉቺስታን ያለው ዋኔትሲ የሚባለው አነጋገርማ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው የሚሉም አሉ።

ተቃዋሚ፦ ልክ ነህ፣ ለዚህም ነው አንድ አፍ በአዋጅ አይጫንም የምለው። በትእዛዝ ተሞክሯል እኮ። እ.ኤ.አ. በ1936 ካቡል ፓሽቶን የመንግሥት ቋንቋ አደረገች፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ኮርስ ግባ ተባለ፣ ቢሮው ግን በዳሪ፣ ማለትም በአፍጋኒስታን ፋርስኛ፣ መሥራቱን ቀጠለ፣ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥትም ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋ ተባሉ። የሠራው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የሁለቱም አገር ምሁራን ፓኪስታን ውስጥ ባራ ጋሊ ላይ ተቀምጠው የተስማሙት በአጻጻፍ ነው፣ ማን እንዴት ይናገር የሚለውን አልነኩትም። ብልህ ሰዎች!

ደጋፊ፦ አጻጻፉ አንድ ሆነ እንበል፣ ቃላቱስ? ካቡል ዩኒቨርሲቲን "ፖሃንቱን" ትላለች፣ ፔሻዋር ያለው ተማሪ እንግሊዝኛውን ይዞ ሄዷል።

ተቃዋሚ፦ እሱ የአነጋገር ጉዳይ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ነው። ፓኪስታን ውስጥ ልጁ በአብዛኛው የሚማረው በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነው። በፓሽቶ ያልተማረ ልጅ አዲሱን የፓሽቶ ቃል ከየት ያምጣው? ካንዳሃርኛ ቢታወጅለት ምን ይጠቅመዋል?

ደጋፊ፦ ዜና አንባቢ ግን የግድ አንዱን መምረጥ አለበት።

ተቃዋሚ፦ የካንዳሃሩ በካንዳሃርኛ፣ የፔሻዋሩም በራሱ ያንብብ። አድማጩ እንደሆነ አሁንም ሁለቱን ይሰማል።