የመንግሥትን ጋዜጣዊ መግለጫዎች ለውድድር ሕግ አድቮኬሲ (የውትወታ ሥራ) እንዴት እንጠቀምባቸው?

የማኅበር የሕግ ባለሙያ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች።

በአንድ የአነስተኛ አምራቾች ማኅበር ውስጥ በሕግ ባለሙያነት እሠራለሁ። ከሥራዬ አንዱ ክፍል አባሎቻችንን የሚጎዱ የገበያ አሠራሮችን እየተከታተልኩ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን መሠረት አድርጌ ለሚመለከታቸው አካላት አስተያየትና አቤቱታ ማዘጋጀት ነው። ችግሬ የመረጃ ነው። ማኅበራችን የገበያ ጥናት የሚያስጠናበት ገንዘብ የለውም፤ በውድድር ጉዳዮች ላይ የተሰጡ ውሳኔዎችንም በአንድ ቦታ ተሰባስበው አላገኘኋቸውም። ሳይቋረጥ የሚደርሰን ነገር ቢኖር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መግለጫ ነው፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ፣ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የብሔራዊ ባንክ፣ የከተማ ንግድ ቢሮዎች በየጊዜው የሚያወጡት ጽሑፍ።

ባለፈው ዓመት የደረሰብንን ላስረዳ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለአባሎቻችን ሥራ ዋና የሆነ ጥሬ ዕቃ የሚከፋፈልበትን ሥርዓት የሚወስን መመሪያ እያዘጋጀ መሆኑን በአራት መስመር መግለጫ አሳወቀ። ጽሑፉ በማኅበራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተላለፈ፤ እኔም አንብቤው እንደ ማንኛውም ዜና አለፍኩት። መመሪያው ጸድቆ ሲመጣ፣ ዕቃውን በቀጥታ ከፋብሪካ ለማንሳት የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን የአብዛኞቹን አባሎቻችንን የዓመት ፍጆታ የሚበልጥ ሆኖ አገኘነው። አንዲት አባላችን ዛሬ ያንኑ ዕቃ ከተወዳዳሪዋ መጋዘን እየገዛች ትሠራለች፤ በምን ያህል ዋጋ እንደሚሸጥላት የሚወስነውም እሱ ነው።

ስለዚህ ልጠይቃችሁ የምፈልገው ይህንን ነው። መግለጫዎችን እንደ ዜና ሳይሆን ለሥራችን አስቀድሞ እንደሚደርስ መረጃ አድርጎ ለማንበብ የምትከተሉት ዘዴ ምንድን ነው? ከአቤቱታ ጋር በማስረጃነት ማያያዝስ ምን ያህል ያስኬዳል?

የቀድሞ መርማሪ፦

ውድ ጠያቂ፣ የተጎዳችሁበትን መንገድ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ በሌላው ወገን ሆኜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ማኅበራት ጥሩ ክርክር ይዘው ይመጡ ነበር፤ የሚመጡት ግን መመሪያው ከተፈረመ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ እኛም ብንስማማበት ልናደርገው የምንችለው ትንሽ ነበር።

መግለጫ ሲደርስዎ ከሁሉ አስቀድመው ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩ የሚያልቅበትን ግስ፣ ይመልከቱ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ስብሰባ ባካሄደ ቁጥር የሚወጣውን መግለጫ ብንወስድ፣ በየተራ ቁጥሩ ሥር ስለ ጉዳዩ ጠቀሜታ ብዙ ይነገራል፤ ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ግን በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ነው። «ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመራ ወስኗል» የሚል ከሆነ ጉዳዩ አዋጅ ነው፤ ገና ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይሄዳል፣ ይፋዊ የሕዝብ ውይይት ሊደረግበት ይችላል፣ በጽሑፍም በቃልም አስተያየት የሚቀርብበት ቦታ አለው። «በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ እንዲውል ወስኗል» የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ደንብ ነው፤ ያ በር ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ዓይንዎን መጣል ያለብዎት ደንቡን ለማስፈጸም በሚወጣው መመሪያ ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች ያለቀውን ጉዳይ ሲከራከሩ ያላለቀው ያመልጣቸዋል።

መግለጫ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚናገር ለማየት የባንክ ዘርፉን ያስታውሱ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዘርፉ ለውጭ ባንኮች ክፍት የሚሆንበትን ፖሊሲ በመግለጫ ያሳወቀው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ረቂቅ አዋጁ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተመራው በሰኔ 2016 ሲሆን፣ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ሆኖ የጸደቀው ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ነው። ከመጀመሪያው መግለጫ እስከ መጽደቁ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በውድድር ሕግ በኩል የሚነሱት ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ የውጭ ባንክ በአገር ውስጥ ባንክ ላይ የሚይዘው ድርሻና የባንኮች ውህደት የሚታይበት ሥርዓት፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ ክፍት ነበሩ።

የእናንተ ጉዳይ መመሪያ ስለነበረ ግን ጊዜው አጭር ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቅና ቢያንስ 15 የሥራ ቀናት ለአስተያየት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ የግሱን ደረጃ መከታተል አለብዎት። «እየተጠና ነው» የሚል መግለጫ ሲወጣ ጥያቄው ራሱ ገና አልተቀረጸም፤ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ብዙ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። «ረቂቅ ተዘጋጅቷል» ሲባል በተወሰነ አንቀጽ ላይ ይከራከራሉ እንጂ በሐሳቡ ላይ አይደለም። «ከባለድርሻ አካላት ግብዓት ተሰብስቧል» የሚል ሲያነቡ ደግሞ የትኞቹ ባለድርሻ አካላት እንደተጠሩ ወዲያውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፎቶግራፉ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ማየት እንኳን አንዳንድ ጊዜ መልሱን ይሰጣል።

ጠበቃ፦

ከላይ የተሰጠው ምላሽ ትክክለኛ ነው፤ ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ እንድታደርጉ አሳስባለሁ። መግለጫ መሥሪያ ቤቱ ምን እንዳለ ያስረዳል እንጂ ገበያው ውስጥ ምን እንደሆነ አያስረዳም። ከዓመታት በፊት፣ በአንድ ዘርፍ ውስጥ ያሉትን አስመጪዎች ብዛት ከመሥሪያ ቤት መግለጫ ወስጄ በአቤቱታ ውስጥ አሰፈርኩ። ተከራካሪዬ ቁጥሩ ፈቃድ ያወጡትን ሁሉ እንጂ በሥራ ላይ ያሉትን እንደማያመለክት አሳየ፤ ያ አንድ ስሕተት የቀረውን ክርክሬን ሁሉ አዳከመው። ከዚያ ወዲህ ከመግለጫ የተገኘን ቁጥር የመረጃ መጠየቂያ መነሻ አደርገዋለሁ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። «በዚህ ቀን ባወጣችሁት መግለጫ የጠቀሳችሁት ቁጥር ከየት ተገኘ፣ ዝርዝሩስ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ በጥቅሉ መረጃ ስጡኝ ከማለት ይልቅ መልስ ያስገኛል፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤቱ መረጃው የለኝም ለማለት ይቸገራል።

ሌላው መታየት ያለበት መግለጫው የሚጠቀምበት ቋንቋ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ፣ የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ዋጋ እንዳይንር የሚፈልገውና የውድድር ሕግ የሚያስፈጽመው አንድ መሥሪያ ቤት ሆኗል። ስለዚህ በአንድ መግለጫ ውስጥ ሦስቱ ይቀላቀላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተቀየረ በኋላ የወጡትን መግለጫዎች መልሳችሁ ብታነቡ፣ «ምክንያታዊ ያልሆነ የዋጋ ጭማሪ ያደረጉ» ድርጅቶች ላይ እርምጃ ስለመወሰዱ ተደጋግሞ ይነገራል። አዋጅ 813 ግን ዋጋ መጨመርን በራሱ የውድድር ጥፋት አያደርገውም፤ የሚከለክለው ተወዳዳሪዎች በዋጋ ላይ መስማማታቸውን፣ ገበያ መከፋፈላቸውን፣ በጨረታ መመሳጠራቸውን፣ የገበያ የበላይነትንም አላግባብ መጠቀምን ነው። ሱቅ ከማሸግ በፊት ከሱቁ በስተጀርባ ያሉት አከፋፋዮች ስንት እንደሆኑ፣ ዋጋስ በአንድ ቀን በአንድ መጠን ለምን እንደጨመሩ መጠየቅ ነበረበት። ይህንን ክፍተት በመግለጫዎቹ ቃል ማሳየት በራሱ ጠንካራ የአድቮኬሲ ሥራ ነው።

በተለይ ልታስተውሉት የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ከዘርፉ ማኅበር ጋር በተደረገ ውይይት በዋጋው ላይ የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል» የሚል ዓይነት። ይህ ለአንባቢ መልካም ዜና ይመስላል፤ ለውድድር ሕግ ባለሙያ ግን ተወዳዳሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ዋጋ መነጋገራቸውን በይፋ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ሰብሳቢው መንግሥት መሆኑ ብቻውን ስምምነቱን ሕጋዊ ያደርገዋል ብዬ አላምንም። እናንተም እንደ ማኅበር ወደዚህ ዓይነት ስብሰባ ከተጠራችሁ፣ ስለ ግብዓት አቅርቦት ተናገሩ እንጂ አባሎቻችሁ ስለሚሸጡበት ዋጋ አትነጋገሩ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ።

የኢኮኖሚ ተመራማሪ፦

እኔ መጨመር የምፈልገው መግለጫዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለማንበብ ነው፤ አንዱ መግለጫ ብቻውን ሲነበብ የማይታይ ነገር ከሌላው ጋር ሲቀመጥ ይወጣልና።

ግንቦት 2013ን አስታውሱ። በወሩ መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ሥራ አስጀመረ። በዚያው ወር፣ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ማሸነፉ ተነገረ፤ ፈቃዱ ግን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን አይጨምርም ነበር። ሁለቱም መግለጫዎች በየራሳቸው የምሥራች ነበሩ። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን አዲሱ ተወዳዳሪ በድምፅና በኢንተርኔት ገበያ ሲገባ፣ ነባሩ ድርጅት ደንበኛን አጥብቆ በሚይዘው የገንዘብ አገልግሎት ብቻውን እንደሚቀድም ያሳያሉ። የሳፋሪኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 2015 ነው፤ ልዩነቱ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነ። ይህንን ጥያቄ በጊዜው ለማንሳት የተደበቀ ሰነድ አያስፈልግም ነበር፤ ሁለቱም ጽሑፎች በአደባባይ ነበሩ።

የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የሥራ አፈጻጸም መግለጫም የገበያ ድርሻን ለመገመት ከሁሉ የቀረበ ምንጭ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የ2016 በጀት ዓመትን ሲያጠቃልል 78.3 ሚሊዮን ደንበኞችና 93.7 ቢሊዮን ብር ገቢ እንዳለው አሳውቋል። እዚህ ላይ የጠበቃውን ማስጠንቀቂያ ላጠናክር። የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲያልቅ የሳፋሪኮም የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻ ነው፤ ሳፋሪኮም በ90 ቀናት ውስጥ አገልግሎቱን የተጠቀመን ደንበኛ ለይቶ ይቆጥራል። ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ ደምሮ መቶኛ የሚያወጣ ሰው የሚሳሳተው በጥቂት አይደለም። በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደቆጠረ መጻፍ ግዴታ ነው።

ከተቻለ ደግሞ ዝምታውን መዝግቡ። በአንድ ወቅት በየወሩ ይጠቀስ የነበረ አኃዝ ከመግለጫ ሲጠፋ፣ ወይም «በረቂቁ ላይ ውይይት ተደረገ» ከተባለ በኋላ ለወራት ምንም ሳይሰማ ሲቀር፣ ያ ራሱ ደብዳቤ የሚያስጽፍ ምልክት ነው። መግለጫው በወጣበት ቀን ሙሉ ገጹን ከነቀኑ አስቀምጡት፤ የፌስቡክ ጽሑፍ ይታረማል፣ ይነሣልም።

በአስመጪነት ዘርፍ የሚሠሩ አንድ አባል፦

በአጭሩ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም ተመልከቱ። ኢትዮጵያ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ናት፤ መቀመጫው በማላዊ ሊሎንግዌ የሆነው የኮሜሳ የውድድር ኮሚሽን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድ በላይ አባል አገሮችን የሚነኩ ውህደቶችን ይመረምራል። ውህደት ሲቀርብለት ማስታወቂያ አውጥቶ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖች በተወሰነ ቀን አስተያየት እንዲያቀርቡ ይጋብዛል። ዕቃ የሚያቀርብልን የውጭ ኩባንያ ከተፎካካሪው ጋር ሊዋሃድ መሆኑን እኔ ያወቅኩት ከዚያ ማስታወቂያ ነው እንጂ ኩባንያው ራሱ አልነገረኝም።

የማኅበር የሕግ ባለሙያ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀድሞ መርማሪውን አንድ ነገር ልጠይቅ። የእኛ መመሪያ ጸድቋል፤ ባለፈው ሳምንት ግን ያው መሥሪያ ቤት «የአፈጻጸም ክፍተቶችን ለመለየት ጥናት እየተካሄደ ነው» የሚል መግለጫ አውጥቷል። ይህ ለእኛ የሚከፍተው በር አለ?

የቀድሞ መርማሪ፦

አለ፤ ደግሞ ሰፊ ነው። ክፍተት አለ ብሎ በይፋ የተናገረ መሥሪያ ቤት ክፍተቱን ከምታሳዩት ጋር ሊከራከር አይችልም። በዚሁ አዋጅ 1183 መሠረት መመሪያ እንዲሻሻል ለመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ስለዚህ አስተያየት ብቻ ሳይሆን የማሻሻያ ጥያቄ ብላችሁ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የመግለጫውን ቀንና ያንን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አስፍሩ። ቀጥሎ ከተወዳዳሪዋ መጋዘን የምትገዛውን አባላችሁን ጉዳይ፣ ስሟን ሳትጠቅሱ፣ በደረሰኝ አስደግፋችሁ አቅርቡ፤ መመሪያው ከመውጣቱ በፊት በቀጥታ የገዛችበትና አሁን የምትገዛበት ዋጋ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ከዚያም የምትፈልጉትን አንቀጽ በራሳችሁ ቃል አርቅቁት፤ ለምሳሌ ብዙ አነስተኛ አምራቾች በጋራ ሲያዝዙ ዝቅተኛው መጠን በድምሩ እንዲታይ የሚፈቅድ ንዑስ አንቀጽ። ግልባጩን ሚኒስቴሩ ውስጥ ለውድድር ጉዳይ ኃላፊነት ላለው የሥራ ክፍል አድርጉት፤ ጥናቱ ሳያልቅ፣ ቢቻል በዚህ ሳምንት ውስጥ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር ተቀበሉ።