የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለሰፋ ሲሊንደር፦ ቆርጬ ልጠቀምበት?

ባለ 185 (ፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሆንዳ ኤክስኤል 185 ሞተር ብስክሌት አለኝ። ሲሊንደሩ ክፉኛ ስለተበላ አዲስ ካሚቻ (የሲሊንደሩን የውስጥ ግድግዳ) አስገብቼ፣ የባለ 200ውን ሆንዳ ፒስተን እንዲቀበል ከ63 ወደ 65.5 ሚሊ ሜትር አስፍቼዋለሁ። የሬክቲፊካው (የማስፋቱ) ሥራ ጥሩ ነው፤ ፒስተኑም ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) ልክ ገብተዋል። ያስቸገረኝ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ በሲሊንደሩና በላይኛው ክዳኑ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ማለቴ ነው። በእጄ ያለው አዲሱ የ185 ጓርኒሲዮን ቀዳዳው 64 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ላይ ሳስቀምጠው ጠርዙ በዙሪያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል። አንድ መካኒክ «በመቀስ ቁረጠውና በሞረድ አስተካክለው» አለኝ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም። ከፒያሳ እስከ ቦሌ ዕቃ የማደርሰው በዚህ ሞተር ነውና ሥራ ሳላቆም የሚዘልቅ መፍትሔ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ብትመክሩኝ?

ቶርኖ ቤት (ተክለ ሃይማኖት)፦
ወንድሜ፣ ልብህ ልክ ነው፤ አትቁረጠው። ጓርኒሲዮኑን ወደ ብርሃን አዙረህ ቀዳዳውን ተመልከት። ከላይ ወደ ታች ታጥፎ አፉን ዙሪያውን የጨበጠው የሚያብረቀርቅ ስስ ቆርቆሮ ይታይሃል። እሳቱን የሚችለው እሱ ነው። የቀረው ጥቁር አካል ዘይት ይይዝ ይሆናል እንጂ የሚነድ ጋዝ አይችልም። በመቀስ ስትቆርጠው መጀመሪያ የሚወድቀው ያ ቀለበት ስለሆነ፣ ጋዙ ጥቁሩን እየበላ መንገድ ያበጃል። ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ባለ ብዙ ንብብር ቢሆንም ያው ነው፤ የሚያሽገው በቀዳዳው ዙሪያ ጎበጥ ያለው መስመር ነው።

ሳትቆርጥ ብትገጥመውስ? በየጎኑ 0.75 ሚሊ ሜትር እሳቱ ውስጥ ይገባል። ያ ስስ ጠርዝ ሙቀቱን የሚያስረክብበት ቦታ ስለሌለው ይግላል፤ ፍም ሆኖም ካንዴላው ሳይተኩስ ነዳጁን ያቀጣጥላል። ፒስተን የሚበሳው እንዲህ ነው።

የተለመደው ሬክቲፊካ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፋብሪካው ጓርኒሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የአንተ ግን 2.5 ነው። የጓርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከሲሊንደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ማለት ስላለበት 66.5 ፈልግ።

መለዋወጫ ሻጭ (ሶማሌ ተራ)፦
ከማሠራትህ በፊት የ200ውን ጓርኒሲዮን ፈልግ። ነገር ግን «የ200 ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘህ አትግዛ። ወረቀት ሲሊንደሩ አናት ላይ አንጥፍና ዘይት በነካ አውራ ጣት ዙሪያውን እሸው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ፣ የካቴናው (አልብሮካሙን የሚያዞረው ሰንሰለት) መስኮትና የዘይቱ መንገድ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይታተማሉ። ያንን ይዘህ ና። ከሁሉም አጥብቀህ የምታየው ዘይት ወደ ቴስታታው የሚወጣበትን ቀዳዳ ነው። እሱ ከተሸፈነ ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ አልብሮካሙ፣ ደርቆ ይበላል፤ አንተም የምታውቀው ድምፅ ካወጣ በኋላ ነው።

ባለ 185፦
አመሰግናለሁ። ወረቀቱን እንዳላችሁት አትሜ ሄድኩ። የ200 ብለው የሰጡኝ በስፋቱ ልክ ነው፤ የካቴናው መስኮት ግን አልገጠመም፤ የጓርኒሲዮኑ ጠርዝ ካቴናው የሚያልፍበት ላይ ይመጣል። ከመዳብ ማሠራት ይቻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?

ጋሽ መካኒክ (አራት ኪሎ)፦
ልጄ፣ ይቻላል፤ በአግባቡ ከተሠራ እንዲያውም ደግሞ ደጋግሞ ያገለግላል። ንጹሕ የመዳብ ቆርቆሮ ግዛ። ውፍረቱ የድሮው ጓርኒሲዮን ተጠብቆ ከተፈታ በኋላ በካሊፐር ስትለካው ከምታገኘው ጋር ይቀራረብ። መዳቡን ብቻውን ቶርኖ ላይ ብታስረው ይጨማደዳል፤ በሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል ጠብቆ ይታሰርና አብሮ ይበሳ። ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ስለት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንሣ፤ ጥፍርህን ስታሳልፍበት ምንም መያዝ የለበትም።

ቀጥሎ ሰዎች የሚዘሉት ሥራ አለ። ሲቆረጥና ሲመታ መዳብ ይጠነክራል፤ የጠነከረ መዳብ ደግሞ አያሽግም። ጨለም ያለ ቦታ ሆነህ በእሳት አሙቀው፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ውኃ ውስጥ ክተተው። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል። በጣትህ ስታጎብጠው እንደ ወፍራም ወረቀት ከታዘዘህ ደርሷል። ጥላሸቱን አጽዳና ጠፍጣፋ ላይ አስተካክለው።

መዳብ እሳትን እንጂ ዘይትን በራሱ በደንብ አያግድም። በዘይቱ መንገድ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች አዲስ አድርግ፤ በዘይቱ ቀዳዳና በካቴናው መስኮት ዙሪያ ሙቀት የሚችል ማሸጊያ እንደ ፀጉር ቀጭን አድርገህ ቀባ። ከበዛ ተጨፍልቆ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል። ቴስታታውም ሲሊንደሩም ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆኑ ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው፤ በመስታወት ላይ ፈትሻቸው።

ረጅም መንገድ ነጂ፦
ጋሼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ስለ መጠኑ ልጨምር። ምቱ (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት) 57.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ስሙ 185 ቢባልም ሞተርህ ከ180 ወደ 195 ሲሲ አድጓል። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ለምሳሌ 22 ሲሲ ከሆነ፣ እመቃው (ነዳጁና አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ከ9.2 ወደ 9.9 ይወጣል። ጓርኒሲዮኑ በአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በወፈረ ቁጥር ያ የሚቀረው ቦታ በ0.35 ሲሲ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚህ ከፍ ያለ እመቃ ብዙም አያስቸግርም። ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፤ በዳገት ማንኳኳት ከጀመረ ጋዙን ቀንስ፣ አትጨክንበት።

ከመዝጋትህ በፊት ለስላሳ የስታኞ (የመበየጃ) ሽቦ ፒስተኑ ላይ በጠርዙ በኩል አስቀምጥና ቴስታታውን አስረህ በእጅ አዙር። የተጨፈለቀው ሽቦ ከአንድ ሚሊ ሜትር ካነሰ መዳቡን አወፍር። የቴስታታው እሳት ክፍል ለ63 የተሠራ ስለሆነ አዲሱ ፒስተን ጠርዙን እንዳይነካ አስተውል። ቫልቮላዎቹ ከፒስተኑ ያላቸውንም ርቀት በልጆች መጫወቻ ጭቃ (ፕላስቲሲን) ለካ።

ባለ 185፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዳቡን አሠራለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከታሰረ በኋላ ድጋሚ ማጥበቅ ያስፈልጋል?

ጋሽ መካኒክ፦
አዎ። መጀመሪያ በሰያፍ እያፈራረቅህ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ፋብሪካው በሰጠው ልክ እሰር። አስነሥተህ በደንብ ይሙቅ፤ አጥፍተህ አሳድረው። ጠዋት ፍጹም ሲቀዘቅዝ በዚያው ልክ ደግመህ አጥብቅ፤ መዳብ ትንሽ ስለሚተኛ አንዳንዱ ዳዶ ይዞርልሃል። ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላም ፈትሸው። በመጨረሻ የካቴናውን ውጥረትና የቫልቮላውን ክፍተት አስተካክል።