የሰርግ ቪዲዮ ስገለብጥ እስክስታው ወደኋላ ይመለሳል፤ ምን ላድርግ?

የሙሽሮቹ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። የእናትና አባቴን የ1987 ዓ.ም. ሰርግ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ሁለት ካሴት ነው፤ አንዱ ሰርጉ፣ አንዱ መልሱ። ለሰርጉ ካሴት ማጫወቻውን ከአሮጌ ሚኒ ዲቪ ካሜራ ጋር አገናኝቼ፣ ከካሜራው በፋየርዋየር ገመድ አስገባሁት። ፋይሉ 720 በ576 ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው ወደ ኤምፒ4 ስቀይረው ነው። ሰው ቁጭ ሲል ምስሉ ጥርት ይላል። እማዬ እስክስታ ስትወርድ ግን ትከሻዋ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። የሙሽሮቹ መኪና ሲያልፍም ይንገጫገጫል። እማዬ አይታ «እኔ እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም!» አለች። ኮምፒውተሬ ደክሞ መስሎኝ ጓደኛዬ ቤት ሞከርኩት፤ ያው ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ዲኢንተርሌስ አድርጌ (የተጠላለፉትን መስመሮች ለያይቼ) በሰከንድ ወደ 50 ፍሬም አውጥቼዋለሁ። ካሴቱ ተበላሽቶ ይሆን?

ጥቅል ሽቦ፦
ካሴቱ ደህና ነው እህቴ። እሱ ቢሆን ቁጭ ያለውም ሰው ይረበሽ ነበር። ያንቺ ችግር የፊልድ ቅደም ተከተል ነው። በፓል የቪዲዮ ሥርዓት አንድ ፍሬም ሁለት ፊልድ ነው፤ ፊልድ ማለት አንድ እየዘለሉ የተወሰዱ መስመሮች ናቸው፣ እያንዳንዱ 288 መስመር። የላይኛው ፊልድ ከመጀመሪያው መስመር፣ የታችኛው ከሁለተኛው ይጀምራል። ሁለቱ የተቀረጹት በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት ነው። መቀየሪያው ፕሮግራም ኋለኛውን ካስቀደመ ትከሻው 2፣ 1፣ 4፣ 3 እያለ ይሄዳል። ካሜራሽ በሚጠቀምበት በዲቪ ቅርጸት የሚቀድመው የታችኛው ፊልድ ነው፤ አንቺ የላይኛውን አስቀድመሽ ይሆናል። ዲኢንተርሌስ የሚያደርገውን ማጣሪያ ያዲፍ=1:1 በይው። የመጀመሪያው 1 እያንዳንዱን ፊልድ ሙሉ ፍሬም ያደርጋል፣ ሁለተኛው 1 «የታችኛው ይቅደም» ማለት ነው።

አራት ኪሎ፦
ዲኢንተርሌስ ሳታደርጊ ቁመቱን እንዳትነኪ። ጠርዙን አጸዳለሁ ብዬ ከላይ አንድ መስመር ቆርጬ አንድ ቀን ሙሉ ስደናበር ውያለሁ። አንድ መስመር ሲጠፋ ታችኛው ላይኛው ይሆናላ!

የሙሽሮቹ ልጅ፦
ገብቶኛል፤ ትእዛዙን ከሌላ ቦታ ገልብጬ ነበር፣ መጨረሻው 0 ነው። በ1:1 ሰርጉ ተስተካከለ! እልል ብያለሁ። ግን በዚያው ትእዛዝ መልሱን ሳስኬደው አሁን ደግሞ እሱ ተንቀጠቀጠ። እንዴት ነው ነገሩ?

ጥቅል ሽቦ፦
መልሱንም በካሜራው ነው ያስገባሽው?

የሙሽሮቹ ልጅ፦
ኧረ አይደለም። ፋየርዋየሩ የተውሶ ስለነበር መለስኩት። መልሱን በርካሽ ዩኤስቢ መቅረጫ ነው የገለበጥኩት።

ጥቅል ሽቦ፦
ታዲያ እሱ ዲቪ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ከካሴቱ ሳይሆን ከምትቀርጪበት ዕቃ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ የላይኛውን ያስቀድማሉ። 1:0 ሞክሪ። ፋይሉ ራሱ የሚለውንም ዝም ብለሽ አትመኚ፤ አንዳንዱ ይዋሻል። አስር ሰከንድ ጭፈራ ቆርጠሽ አውጪና ፍሬም በፍሬም ግፊው። እጅ ወይ ትከሻ ወደኋላ ካልተመለሰ ልክ ነው። የቆመ ሰው ላይ አትሞክሪ፣ ምንም አይነግርሽም።

የሙሽሮቹ ልጅ፦
1:0 ሠራ! ጭብጨባው ላይ ነው የሞከርኩት። ፍሬም በፍሬም ስገፋ እማዬ አጠገቤ ነበረች። ከበሮው ጀርባ እየዘለለ ካሜራውን የሚጋርደው ልጅ አጎቴ መሆኑ ዛሬ ታወቀ። ደውላ እየተቆጣችው ነው።