ሹራብና ዳንቴል ከሥዕል እኩል ይሰቀል? የጎንደሮች ክርክር

ጥያቄው፦ ጎንደር ላይ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ሴቶች በክር የሠሩት ሹራብና ዳንቴል ከሸራ ሥዕል ጎን ይሰቀል ወይስ ባዛር ላይ ብቻ ይሸጥ?

የሥዕል መምህር (ማራኪ)፦ አይሰቀል ባይ ነኝ። የእጅ ሥራ ንቄ አይደለም። እናቴ ያሳደገችኝ ሹራብ ሠርታ እየሸጠች ነው። ግን ሥዕል ሐሳብ ይፈልጋል። የሶፋ ልብስ ግድግዳ ላይ ስለወጣ ሥነ ጥበብ አይሆንም። ፌሚኒዝም (የሴቶች እኩልነት ጥያቄ) የሚል ስም ቢለጠፍበትም ያው ነው።

ሠዓሊት (ፒያሳ)፦ መምህር፣ ሐሳብ ከፈለጉ የጀርመናዊቷን የሮዝማሪ ትሮክልን ሥራ ይዩ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሹራብ እንደ ሸራ ወጥራ ሰቀለች። የወንዶች መጽሔት የሆነውን የፕሌይቦይን የጥንቸል ምልክት፣ የበግ ሱፍ ልብስ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት፣ መዶሻና ማጭዱን እየደጋገመች አስገባችበት። በእጇም አልሠራችውም፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ነው የሠራው። ሹራብ የሚናቀው በራሱ በሹራብነቱ ነው ወይስ በአያያዙ? ልትፈትን የፈለገችው ይህንን ነው።

ክር ነጋዴ (ቅዳሜ ገበያ)፦ ማሽን ከሠራው የሴቷ ድካም የታለ ታዲያ?

ዳንቴል ሠሪ (አዘዞ)፦ ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል። እኔም ከትሮክል የምለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ገና ያልታየው እጁ ነው። የጠረጴዛ ዳንቴል ስሠራ ከመሃል ጀምሬ እየዞርኩ ነው የማሰፋው። ሦስተኛው ዙር ላይ ቆጠራ ከሳትኩ ስምንተኛው ላይ መኮማተር ይጀምራል። ያኔ መተርተር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ይህን ሁሉ የምሠራው ወጥ እየጠበቅሁ፣ ልጅ እያስጠናሁ ነው። ገዢው መጥቶ የክሩን ዋጋ ያሰላል። ሰዓቴን ማን አሰበልኝ? ጥጡም እንደዚሁ ነው። የምትፈትለው ሴት ናት። ሸማው ሲያምር የሚመሰገነው ግን ሸማኔው ነው።

መምህሩ፦ ድካም ብቻውን ሥዕል አያደርገውም እህቴ። እርሻም ድካም ነው።

ዳንቴል ሠሪዋ፦ እውነት ነው። ዳንቴል ሁሉ ይሰቀል አላልኩም። ድካሙን ራሱን ወይም ሌላ ሕመማችንን እንድናይ የሚያደርገን ሥራ ይሰቀል ነው የምለው። ዴንማርካዊቷ ማሪያን ዮርገንሰን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ኮፐንሃገን ላይ ታንክን ከአፈሙዙ እስከ ሰንሰለቱ ሮዝ ሹራብ አለበሰችው። የኢራቅን ጦርነት ለመቃወም ነው። ከ4,000 በላይ ቁራጭ ሹራብ ብዙ ሰው ሠርቶ ሰጣት። ጦርነት በደጁ ያለፈ ጎንደሬ ያንን አይቶ የሶፋ ልብስ ይለዋል?

ሠዓሊት፦ ጨርቅ ሙዚየም አይገባም የሚል ካለም፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚሁ ጎንደር የተሸመነ ትልቅ የሐር መጋረጃ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ እንዲህ ያለው ይግባ። መራጩ ግን ሥዕል የሚያውቅ ይሁን።

ዳንቴል ሠሪዋ፦ ይሁን። ከመራጮቹ አንዷ ግን ኪሮሽ ይዛ የምታውቅ ሴት ትሁን። ከሥራው ሥር የሠሪዋ ስም ይጻፍ፤ «የጎንደር ሴቶች» ተብሎ በጅምላ አይታለፍ። ዋጋውም ሲተመን ከክሩ ጋር ሰዓቷ ይታሰብላት።