«በዝብዝ» የሚባል ሰው የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ጀርመን ነው። እዚህ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዝብዝ። ልጄ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ «ዝረፍ ማለት ነው» ልበላት?

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በፈረስ ስማቸው «አባ በዝብዝ» ይባሉ እንደነበር አውቃለሁ። በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ከመጫናቸው በፊትም «በዝብዝ ካሳ» ተብለዋል። የፈረስ ስም የጦረኛ ወግ ነው። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» ነበሩ። የኔ አያት ግን ወሎ ውስጥ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። እንኳን የጦር ፈረስ፣ በቅሎም አልነበራቸው!

ታዲያ ስሙ የወጣላቸው ለንጉሡ ክብር ይሆን? ወይስ የወላጅ ምኞት ነው? የሚነግሩኝ ሽማግሌዎች አልፈዋል። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የምታውቁ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነና ስሙን ማን እንዳወጣለት ብትጽፉልኝ።