ሰኩለንቴ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የመስኮት ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቴ ላይ 11 ሰኩለንቶች (ወፍራም ቅጠላቸው ውስጥ ውሃ የሚይዙ ተክሎች) አሉኝ። ከሁለት ወር በፊት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ኤቼቬሪያ የሚባል አንድ ሰኩለንት ገዝቼ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። አሁን በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። ስነካው ያጣብቃል፤ ጉንዳንም ይመላለስበታል። አጠገቡ ያለው ጄድ የሚባለው ሰኩለንት ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጥቦች አውጥቷል። ጄዱን እናቴ ከግቢዋ ቆርጣ ነው የሰጠችኝ፤ እሱ እንዲሞትብኝ በፍጹም አልፈልግም። ጎረቤቴ የእርሻ መድኃኒት ላምጣልሽ ብላኛለች። ልርጭበት?

መልስ፦ የበረንዳ አትክልተኛ

አይዞሽ እህቴ፣ ይድናል። ኤቼቬሪያው ላይ ያለው ሚሊባግ የሚባል ተባይ ነው። ጥጥ የመሰለው ነገር ተባዩ ራሱን የሚሸፍንበት ሰም ነው። የተክሉን ፈሳሽ እየመጠጠ ጣፋጭ ነገር ያወጣል። የሚያጣብቀው እሱ ነው፣ ጉንዳኑም የሚመጣው እሱን ፍለጋ ነው።

ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለዪው። ከዚያ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዢ። ያገኘሽው 96 በመቶ ከሆነ ሦስት እጁ ላይ አንድ እጅ ውሃ ጨምሪበት። ጄል ሳኒታይዘር አይሆንም። መጀመሪያ አንድ የታች ቅጠል ላይ ሞክሪና ሁለት ቀን ጠብቂ። ጉዳት ካላየሽ የጆሮ ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከርሽ ተባዩን አንድ በአንድ ንኪው። ቅጠሉን አትሺው፤ የኤቼቬሪያ ዱቄት መሰል ሽፋን አንዴ ከተነሳ እዚያው ቅጠል ላይ አይመለስም። ጠባብ ቦታ ላይ ስቴኪኒ ይጠቅማል። ማታ ማታ ሥሪው፣ ፀሐይ ላይ እርጥብ ሆኖ አይቆይ። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ምድጃ አጠገብ እንዳትሠሪ።

አንድ ጊዜ አይበቃም። አንዷ ሴት ብቻዋን በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር ድገሚው። የእርሻ መድኃኒቱን ግን እባክሽ ቤት አታስገቢ። የምትተኚበትና የምትበይበት ቤት ነው።

መልስ፦ እንዳሁላ

ጄዱ ላይ አልኮል ከማድረግሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ጣትሽን በውሃ አርጥበሽ ነጥቡን ጥረጊው። ከጠፋና ከሥሩ ንጹህ ቅጠል ከታየ ተባይ አይደለም፣ ጨው ነው። የጄድ ቅጠል ላይ ውሃ የሚያወጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃው ሲደርቅ ጨውን ትቶ ይሄዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ጤነኛ ተክል ለአንድ ወር ሙሉ በአልኮል አሠቃይቻለሁ።

ሌሎቹንም በስልክሽ ካሜራ አቅርበሽ እያቸው። ግንዱ ላይ የተለጠፈ፣ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሳ ቡናማ ቅርፊት ካገኘሽ እሱም መጣጭ ተባይ ነው፤ ፍቀሽ አልኮል አድርጊበት። ስስ ድርና የገረጣ ቅጠል ካየሽ ደግሞ በዓይን በቀላሉ የማይለዩ ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባዮች ናቸው።

መልስ፦ ቡናና አበባ

እኔ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና እረጫለሁ። ሠርቶልኛል።

መልስ፦ እንዳሁላ

ለሌላው ሊሠራ ይችላል፣ ጄድ ላይ ግን ተዪው። ጄድ ሳሙናና ዘይት አይስማማውም፤ ቅጠሉ ይጎዳል። ዱቄት ሳሙና ደግሞ ለየትኛውም ተክል አይሆንም።

መልስ፦ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ

ልጄ፣ ሁሉም ስለ ቅጠሉ ነገሩሽ። ሥሩን አይተሻል? ተክሉን ከነአፈሩ ከማሰሮው አውጪው። ሥሩ ላይና የማሰሮው ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ፣ ላይ ላዩን ብታጸጂ ከሥር ሌላ እየተፈለፈለ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው «አልኮል አልሠራልኝም» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ጠያቂዋ፦ የመስኮት ዳር

ሁላችሁም ተባረኩ። የጄዱ ነጥብ በውሃ ጠፋ! ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ኤቼቬሪያው ግን ሥሩ በነጭ ዱቄት ተሞልቷል፤ ግንዱም ከታች ለስልሷል። ጋሼ፣ አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ

አፈሩን በፌስታል አስረሽ ጣዪው። ሌላ ማሰሮ ውስጥ እንዳትጨምሪው። ማሰሮውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ። ግንዱ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ሥሩን አጥበሽ፣ አድርቀሽ በአዲስ አፈር ትተክዪው ነበር። ከለሰለሰ ግን አይተርፍም። ስለዚህ ከላይ ጤነኛው ግንድ ላይ በንጹህ ቢላ ቁረጪው። የተቆረጠው ውስጡ ቡናማ ከሆነ ንጹህ እስኪታይ ድረስ ከፍ እያደረግሽ ቁረጪ። ጥጡን በአልኮል ለቅመሽ ጥላ ውስጥ አራት አምስት ቀን አቆዪው። ቁስሉ ሲደርቅ የተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የበዛበት ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጪው። ሥር እስኪያወጣ ውሃ አታብዢበት።

የሌሎቹንም ማሰሮ ሥር እያወጣሽ እዪ። ወደፊት አዲስ ተክል ስትገዢ አንድ ወር ለብቻው ይቀመጥ፤ የተገዛበት ቦታ ምንም ያህል ንጹህ ቢመስልም።

ጠያቂዋ፦ የመስኮት ዳር

እሺ ጋሼ። ሁለት ጊዜ ከፍ አድርጌ ስቆርጠው ውስጡ አረንጓዴ ሆነ። አሁን ጋዜጣ ላይ አድርጌ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ። የዘጠኙን ሥር አይቻለሁ፣ ንጹህ ነው።