አይንዚደልን፦ ጥቁሯን እመቤታችንን ለመሳለም ስንሄድ ምን እንወቅ?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ዙሪክ መጥታለች፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ አይንዚደልን በሚባለው የካቶሊክ ገዳም ያለችውን ጥቁሯን እመቤታችንን፣ ማለትም ፊቷ ጥቁር የሆነውን የማርያም ቅርጽ፣ መሳለም ትፈልጋለች። ኦርቶዶክሶች ነን። በባቡር እንዴት ይኬዳል? ስንት ሰዓት ብንደርስ ይሻላል? ጫማ ይወለቃል? ቅርጿን መሳም ይቻላል? ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መቆም አትችልም። ደግሞ አንዳንዱ ሰው «ከኢትዮጵያ የሄደች ናት» ይላል፤ እውነት ነው?

መልስ 1
እንኳን ደህና መጡ በያቸው። ከዙሪክ ዋናው ጣቢያ ወደ ቬደንስቪል ትሄዱና እዚያ ወርዳችሁ ኤስ 13 የሚለውን ባቡር ትይዛላችሁ። መቀየሪያውን ጨምሮ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። ትኬቱን ስትቆርጪ መድረሻውን አይንዚደልን ብለሽ ሙሉውን መንገድ ቁረጪ፤ የከተማ ትኬት ይዞ መሳፈር ቅጣት ያመጣል። ሃልብታክስ ካርድ ካለሽ ላንቺ ግማሽ ዋጋ ነው። ለእናትሽ ግን የራሳቸው ትኬት ያስፈልጋቸዋል።

ከጣቢያው ገዳሙ ድረስ በእግር 10 ደቂቃ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን እጥፍ ያዢለት። ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ስትወጡ ሁለቱ ማማዎች ፊት ለፊት ይታያሉ። የሚያደክመው የመጨረሻው ነው፤ አደባባዩ ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽቅብ ይወጣል። አደባባዩ ላይ ያለው የውሃ ምንጭ ጋ አረፍ ብላችሁ ቀጥሉ። ከተማው 880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከዙሪክ ይበርዳል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ቅዝቃዜ አለ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ አይቅር።

መልስ 2
ሰዓቱ ላይ እኔ ልጨምር። መነኮሳቱ የቤኔዲክት ማኅበር ናቸው፤ የሠርክ ጸሎታቸውን በላቲን የሚያደርሱት በ16፡30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል። እናትሽ ቀጠሮውን በሀገር ቤት ሰዓት እንዳይሰሙት። ጸሎቱ ሲያልቅ መነኮሳቱ ተሰልፈው ወደ እመቤታችን ቤት፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቅርጿ ወዳለችበት ትንሽ ጸሎት ቤት፣ ይመጡና «ሳልቬ ሬጂና» የሚባለውን የማርያም መዝሙር በተለያየ ድምፅ አስማምተው ይዘምራሉ። ሰላም ለኪ እያለ ላደገ ሰው ቋንቋው ባይገባውም ልቡ ይሰማዋል። ለዚህ ስትሉ ብቻ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ በ15፡30 ብትደርሱ ይበቃል። በበዓል ቀን መርሐ ግብሩ ሊለወጥ ስለሚችል ጠዋቱን የገዳሙን ድረ ገጽ እዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቀማመጥ ላይ ነው። የእመቤታችን ቤት ከዋናው መግቢያ አጠገብ ነው፤ መነኮሳቱ የሚጸልዩት ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ በመቅደሱ በኩል። ወደፊት ሄዶ የተቀመጠ ሰው መዝሙሩ ሲጀመር በሕዝቡ መሃል ተጋፍቶ መመለስ ይኖርበታል። እናትሽን ከመጀመሪያው ወደ ቅርጿ በሚያዩት አግዳሚዎች ላይ አስቀምጫቸው፤ ጸሎቱ እዚያም ይሰማል።

ጫማ አይወለቅም። ነጠላ መከናነብ ግዴታ አይደለም፤ ቢከናነቡ ግን ማንም አይገረምም። ቅርጿ ከፍ ብላ ከጀርባዋ በወርቃማ ደመናና ጨረር ተከባ ስለቆመች መንካትም መሳምም አይቻልም። ሰው ከፊቷ ተንበርክኮ ነው የሚለምነው፤ ለእሳቸው ተቀምጦ መጸለይ ይበቃል። ሻማ በተዘጋጀለት ቦታ ብቻ ይበራል፤ ጧፍ ከቤት ይዛችሁ አትሂዱ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ለቁርባን አትሰለፉ፤ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስለማይፈቅድ። ተቀምጦ መጠበቅ ነውር አይደለም።

መልስ 3
ስለ ጥቁረቷ ልመልስ፤ ይህ በደንብ መታወቅ አለበት። ከኢትዮጵያ አልሄደችም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከእንጨት የተቀረጸች የአውሮፓ ሥራ ናት። የቆመችበት ቦታ ግን ከእሷ ይቀድማል፤ ቅዱስ ማይንራድ የሚባል መናኝ በ861 እ.ኤ.አ. በሁለት ወንበዴዎች የተገደለበት በዓት ነው። ገዳሙ በ934 ተመሠረተ። በከተማው አርማ ላይ ሁለት ቁራዎች የምታዩት በትውፊቱ ገዳዮቹን እስከ ዙሪክ ተከትለው ያጋለጧቸው ቁራዎች ስለሆኑ ነው።

ፊቷን ያጠቆረው ለዘመናት ከፊቷ ሲነድ የኖረው የሻማና የመብራት ጥላሸት ነው። በ1798 የፈረንሳይ ጦር ገብቶ የእመቤታችንን ቤት ሲያፈርስ መነኮሳቱ ቅርጿን አሽሽተው ነበር። በስደት ላይ ሳለች በ1799 ኦስትሪያ ውስጥ አንድ ባለሙያ ጥላሸቱን አጽድቶ በሥጋ ቀለም ቀባት። ምእመናኑ ግን የሚያውቋት ጥቁር ሆና ስለነበር ፊቷ ተመልሶ ጥቁር ተቀባ። ዛሬ የምታዩት ጥቁረት እንግዲህ ጭስ ሳይሆን ቀለም ነው፤ ሕዝብ ወዶ የጠበቀው። እኔ ከየትኛውም ተረት ይልቅ ይህን ታሪክ እወደዋለሁ።

ከቅርጿ የሚታየው ፊትና እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው በተጠለፈ ካባ ተሸፍኗል። ካባው እንደ በዓሉና እንደ ወቅቱ ስለሚቀየር በፎቶ ያያችኋት ነጭ ለብሳ ከሆነ በሌላ ቀለም ብታገኟት አትደናገሩ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አደባባዩ ላይ ያለው ውሃ እንደ ጸበል ነው?

መልስ 3
የመጠመቂያ ጸበል አይደለም፤ ይጠጣል እንጂ አይታጠቡበትም። 14 የውሃ መውረጃዎች አሉት። ጌታ ከአንዱ ጠጥቷል የሚል ትውፊት ስላለና የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ተሳላሚው ዙሪያውን እየዞረ ከሁሉም ይቀምሳል። ወለሉ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል እናትሽን ደግፊያቸው፤ ወይም አንቺ በትንሽ ኩባያ ከየአንዳንዱ እየቀዳሽ አምጪላቸው። ሀገር ቤት የሚወስዱ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በደንብ በሚከደን ጠርሙስ አድርጊው፤ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊያስጥሏችሁ ይችላሉ።